የመንግሥትን የጤና መድን የሚቀበል የውፍረት ቀዳጅ ሐኪም ስለ መፈለግ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን በአሜሪካ አገር የሚኖሩ ሰዎችን ስለሚያስጨንቅ አንድ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ ከእኛ የራቀ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ዛሬ በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ከሚሠራው ሰው መካከል፣ በዋሽንግተን ከተማ ወይም በአጠገቧ ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ክፍላተ ግዛት እኅት፣ ወንድም ወይም አብሮ አደግ ያለው ብዙ ነው። ከእነዚህ ዘመዶች አንዷ በስልክ እንዲህ አለች እንበል፤ «ሐኪሙ ስለ ውፍረቴ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሻል ብሎኛል። የመንግሥት የጤና መድን ካርድም አለኝ። ነገር ግን ለሦስት ቀዳጅ ሐኪሞች ደውዬ፣ ሦስቱም ካርድሽን አንቀበልም አሉኝ።» እኛም የምንመልሰው ስለማናውቅ «እግዚአብሔር ይርዳሽ» ብለን ስልኩን እንዘጋለን። ምርቃት መልካም ነው፤ ምክር ቢጨመርበት ግን ይበልጥ ይጠቅማል።

ስለዚህ ዛሬ ይህችን ሴት እንደ ምሳሌ ይዘን መንገዱን ከመነሻው እስከ መድረሻው እንከተላለን። ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ። የመድን ካርድ የመክፈል ቃል ነው እንጂ የሐኪም ቀጠሮ አይደለም። ቃሉ የሚፈጸመው ሐኪሙም፣ ሆስፒታሉም፣ መድኑም በየበኩላቸው ሲስማሙ ብቻ ነው። ከሦስቱ የአንዱ ስምምነት የጎደለ እንደ ሆነ ዕዳው በበሽተኛው ላይ ሊወድቅ ይችላል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን እናስታውቃለን።

በቅድሚያ ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። በአገራችን ውፍረት የድሎት ምልክት ሆኖ ሲቆጠር ኖሯል፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ የተገናኘውን ሰው «ወፈርህ፤ አማረብህ» ብሎ መቀበል እንደ ምስጋና ይቆጠራል። ሐኪሞች ግን ከመጠን ያለፈ ውፍረት የስኳር በሽታን፣ የደም ግፊትን፣ የልብ ሕመምን፣ የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመምንና በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥን የሚያስከትል በሽታ መሆኑን ያስረዳሉ። ለመመዘኛም የሚጠቀሙበት ስሌት አለ፤ ይኸውም የሰውየውን ክብደት በኪሎ ወስዶ፣ ቁመቱ በሜትር ተለክቶ በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቍጥር ማካፈል ነው። ያቺ ዘመዳችን ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 95 ኪሎ ነው እንበል። 1.60 በራሱ ሲባዛ 2.56 ይሆናል፤ 95 ለ2.56 ሲካፈል ወደ 37 ይደርሳል። በዚህ ስሌት 30ና ከዚያ በላይ ሲሆን ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል፤ 35ና 40 ደግሞ የመድን ድርጅቶች አዘውትረው የሚጠይቋቸው መስፈርቶች ናቸው። ሴትዮይቱ የስኳር በሽታም ስላለባት፣ ሐኪሟ ቀዶ ሕክምናን ማንሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀዶ ሕክምናው አዲስ ነገር አይደለም። ኤድዋርድ ሜሰንና ኢቶ የተባሉ ሐኪሞች በአይዋ ዩኒቨርሲቲ በ1966 ዓ.ም. የጨጓራን አብዛኛውን ክፍል አልፎ ምግብን ወደ አንጀት የሚያሳልፍ ቀዶ ጥገና አድርገዋል። የዛሬው ሕክምና ከዚያ በብዙ ተሻሽሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሆድ በሰፊው ሳይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ በማስገባት ይፈጸማል። በተለይ ሁለት ዓይነቶች የተለመዱ ናቸው። በመጀመሪያው ከጨጓራ ከመቶ 80 ያህሉ ተቈርጦ ወጥቶ፣ የቀረው እንደ እጅጌ ቀጥ ያለና ጠባብ ይሆናል። በሁለተኛው ከጨጓራው ጫፍ ትንሽ ከረጢት ብቻ ተለይታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትጋጠማለች። በስዊድን አገር በ1987 ዓ.ም. የተጀመረና ውጤቱ በ2007 ዓ.ም. የታተመ ትልቅ ጥናት፣ ይህን ሕክምና ያገኙት ሰዎች ካላገኙት ይልቅ ዕድሜያቸው መርዘሙን አሳይቷል። ይሁን እንጂ ቀዶ ሕክምና ሁሉ አደጋ አለበት፤ የደም መፍሰስ፣ የስፌት መልቀቅና የደም መርጋት ሊያጋጥም ይችላል። ከዚህም የተነሣ የሐኪሙ ማንነት ከዋጋው ያላነሰ ነገር ነው።

አሁን ወደ ካርዱ እንምጣ። «የመንግሥት መድን» የሚባለው በአሜሪካ አንድ አይደለም፤ ሰውም ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በዚህ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በሐምሌ 30 ቀን 1965 ዓ.ም. በሚዙሪ ክፍለ ግዛት በኢንዲፔንደንስ ከተማ፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በተገኙበት በፈረሙት ሕግ ሁለት መድኖች ተቋቁመዋል። አንደኛው ሜዲኬር፣ ሁለተኛው ሜዲኬይድ ይባላል። ስማቸው የመንታ ያህል ይመሳሰላል፤ ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው።

ሜዲኬር በተለይ ዕድሜያቸው 65 ለሞላና በአካል ጉዳት ምክንያት 24 ወር የጡረታ አበል ለተቀበሉ ሰዎች ነው። የሚያስተዳድረውም የመላው አገር መንግሥት ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ዓይነት ሜዲኬር በየትኛውም ክፍለ ግዛት ይሠራል። የሆስፒታሉን ክፍል ያለ ወርኃዊ ክፍያ ለማግኘት ራስ ወይም ባለቤት ቢያንስ 10 ዓመት ያህል ግብር እየከፈሉ መሥራት ያስፈልጋል። ልጆቻቸው በስተርጅና የወሰዷቸውና በዚያ ያልሠሩ ወላጆች ግን ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ካላቸው፣ ሳያቋርጡ 5 ዓመት ከተቀመጡ በኋላ ወርኃዊ ዋጋ እየከፈሉ ሊገቡበት ይችላሉ።

ሜዲኬይድ ግን ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የተመደበ፣ የመላው አገር መንግሥትና ክፍላተ ግዛቱ ገንዘቡን እየተካፈሉ የሚከፍሉት፣ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በራሱ ደንብ የሚያስተዳድረው መድን ነው። ስለዚህ የሜሪላንድ ሜዲኬይድ፣ ድንገተኛ አደጋ ወይም ልዩ ፈቃድ ካልሆነ በቀር፣ ወንዙን ተሻግሮ በቨርጂኒያ አይሠራም። ሦስቱ አስተዳደሮች፣ ይኸውም ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና የዋሽንግተን ከተማ፣ በአንድ የባቡር መስመር ተያይዘው ሳሉ በሕክምና መዝገብ ግን እንደ ሦስት አገር ይቆጠራሉ። ያቺ ዘመዳችንም በሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጣ በቨርጂኒያ ላለ ሐኪም የደወለች እንደ ሆነ፣ «አንቀበልም» መባሏ ሐኪሙ ስለጠላት አይደለም።

ስለ ውጭ አገር ዜጎች አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ቋሚ ፈቃድ ያገኙ አያሌ ሰዎች ሜዲኬይድ ከመውሰዳቸው በፊት 5 ዓመት እንዲጠብቁ ያዛል። በሐምሌ 2025 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ የስደተኞችንና የጥገኝነት ፈቃድ ያገኙትን ሰዎች መብት አጥብቧል። ስለዚህ ማንም ሰው ቀጠሮ ከመያዙ በፊት ካርዱ በሕክምናው ቀን ጸንቶ የሚቆይ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባዋል።

ሁለቱ መድኖች ስለዚህ ቀዶ ሕክምና ምን ይላሉ? ሜዲኬር ከየካቲት 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በሦስት ነገሮች ይከፍላል። አንደኛ፣ ቀደም ብለን ያሰላነው ቍጥር 35ና ከዚያ በላይ ሲሆን፤ ሁለተኛ፣ ከውፍረት ጋር የተያያዘ ቢያንስ አንድ ሌላ በሽታ ሲኖር፤ ሦስተኛ፣ በሽተኛው አስቀድሞ በሌላ ሕክምና ሞክሮ ያልተሳካለት ሲሆን ነው። የስኳር በሽታ ከእነዚህ ተጓዳኝ በሽታዎች አንዱ መሆኑ በ2009 ዓ.ም. በግልጽ ተወስኗል። እንደ እጅጌ የሚደረገው ቀዶ ጥገና ግን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሜዲኬር በየአካባቢው የሚያሠራቸው ድርጅቶች እንዲወስኑበት የተተወ ስለሆነ፣ የአካባቢውን ውሳኔ መጠየቅ ያስፈልጋል። በሜዲኬይድ በኩል አብዛኞቹ ክፍላተ ግዛት ይከፍላሉ፤ ቅድመ ሁኔታው ግን ይለያያል። በአያሌዎቹ ዘንድ የ3 ወይም የ6 ወር የአመጋገብ ክትትል፣ የአእምሮ ጤና ምርመራ፣ ሲጋራ ማቆምና የመደበኛው ሐኪም ደብዳቤ ይጠየቃል።

እንግዲህ ሕጉ ይከፍላል ካለ፣ ሐኪሙ ስለ ምን እምቢ ይላል? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ገንዘብ ነው። ሜዲኬይድ ለሐኪም የሚከፍለው ዋጋ በአጠቃላይ ከሜዲኬርም፣ ከግል መድኖችም ያነሰ ነው፤ ሐኪምም መድኑን እንዲቀበል የሚያስገድደው ሕግ የለም። ሁለተኛው ወረቀት ነው። የፈቃድ ጥያቄው፣ የክትትሉ ማስረጃና የመልስ መልሱ ጸሐፊ ይፈልጋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው አንድ ፋይል ስንት ጠረጴዛ እንደሚዞር ያውቃልና ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ዳሩ ግን የሚቀበሉም አሉ፤ በተለይም በሕክምና ትምህርት ቤቶች ሥር ባሉ ትላልቅ ሆስፒታሎችና ትርፍ በማይሹ ሆስፒታሎች የሚሠሩትን መጠየቅ መልካም ነው። የሚገኙትም በዕድል ሳይሆን በሥርዓት ሲፈለጉ ነው።

ሥርዓቱ እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ሰው ሐኪም ከመፈለጉ በፊት የራሱን ካርድ አጥርቶ ያንብብ። ሜዲኬር ከሆነ የመጀመሪያው ዓይነት ነው ወይስ በግል ድርጅት በኩል የሚሰጠው «ሜዲኬር አድቫንቴጅ» የተባለው? ሜዲኬይድ ከሆነ፣ ክፍለ ግዛቱ የተዋዋለው የትኛው የመድን ድርጅት ነው የሚያስተዳድረው? «ሜዲኬይድ ትቀበላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ አንድ ሐኪም የአንዱን ድርጅት ሜዲኬይድ ተቀብሎ የሌላውን ላይቀበል ይችላልና፣ በካርዱ ላይ የተጻፈውን ስም ሙሉ በሙሉ መጥራት ያስፈልጋል።

በሁለተኛው በካርዱ ጀርባ ወዳለው ስልክ ደውሎ፣ የውፍረት ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉ የተዋዋሉ ሐኪሞችን ዝርዝር መጠየቅ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ሜዲኬር ያለው ሰው በ1-800-633-4227 መደወል፣ ወይም ሜዲኬር በኢንተርኔት የሚያወጣውን የሐኪሞች መፈለጊያ መመልከት ይችላል። በየክፍለ ግዛቱም «ሺፕ» እየተባለ የሚጠራ፣ ስለ ሜዲኬር ያለ ክፍያ የሚያማክር አገልግሎት አለ። የታተመ ዝርዝር ግን ቶሎ ያረጃል፤ በዝርዝሩ ላይ ስሙ የተገኘ ሐኪም ሥራውን ለቆ ወይም ውሉን አፍርሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ዝርዝሩ መነሻ እንጂ ማስረጃ አይሁን።

በሦስተኛው ዝርዝሩን ከሐኪሞቹ ችሎታ ጋር ማስተያየት ነው። የአሜሪካ የቀዳጅ ሐኪሞች ኮሌጅና የውፍረት ቀዳጅ ሐኪሞች ማኅበር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድነት ሆስፒታሎችን እየመረመሩ የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣሉ። ሙሉውን ማረጋገጫ ለማግኘት ሆስፒታሉ በዓመት ቢያንስ 50 የዚህ ዓይነት ቀዶ ጥገና ማድረግ አለበት። ሜዲኬር ይህን ማረጋገጫ እንደ ግዴታ መጠየቁን በ2013 ዓ.ም. ቢያነሣም፣ በሽተኛው ግን መጠየቁን ቢያነሣ ራሱን ይጎዳል። ካርድ የሚቀበለውን ብቻ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ርካሽ ሐኪም ነው፤ ካርድም የሚቀበል፣ ብቃትም የተመሰከረለትን የሚፈልግ ግን ሕይወቱን ይጠብቃል።

በአራተኛው ወደ ሐኪሙ ጽሕፈት ቤት ደውሎ የሚከተሉትን መጠየቅ ነው። ሐኪሙ የእኔን መድን በስሙ ይቀበላልን? አዲስ በሽተኛስ ከዚህ መድን አሁን ይቀበላልን? ቀዶ ጥገናው የሚደረግበት ሆስፒታልና ማደንዘዣ የሚሰጠው ሐኪም ይቀበላሉን? መድኑ የማይከፍለው፣ ለአመጋገብ ትምህርት ወይም ለክትትል የሚባል ሌላ ክፍያ አለን? የቅድሚያ ፈቃዱን ጥያቄ የሚያቀርበው ማን ነው? የእነዚህ ጥያቄዎች መነሻ፣ በአሜሪካ ቀዳጁ፣ ሆስፒታሉና ማደንዘዣ ሰጪው ለየብቻ ሒሳብ የሚልኩ መሆናቸው ነው። ሐኪሙ ካርዱን ስለተቀበለ ሁሉም ተቀበለ ብሎ መተማመን፣ የሚኒስትሩ ፊርማ ስላለበት ብቻ የሒሳብ ክፍሉ ማኅተም አያስፈልገውም እንደ ማለት ነው።

የተነገረው ሁሉ በጽሑፍ ይያዝ። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል። የተደወለበትን ቀንና ሰዓት፣ የመለሰውን ሰው ስም፣ የተሰጠውን የጉዳይ ቍጥር በአንድ ደብተር መመዝገብ፣ የፈቃዱንም ደብዳቤ ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል። ሒሳቡ ከስድስት ወር በኋላ ሲመጣ የሚመሰክረው ይህ ደብተር ብቻ ነው።

ስለ ክፍያው ደግሞ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። ሜዲኬይድን የሚቀበል ሐኪም መድኑ የከፈለውን እንደ ሙሉ ዋጋ መቀበል አለበት፤ ሕጉ ከፈቀደው አነስተኛ ድርሻ በቀር ልዩነቱን ከበሽተኛው መጠየቅ አይችልም። በመጀመሪያው ዓይነት ሜዲኬር ግን በሽተኛው ድርሻ አለው። ሆስፒታል ለተኛ ሰው የመጀመሪያ ድርሻው በ2025 ዓ.ም. 1,676 ዶላር ነበር፤ ለሐኪሙ ደግሞ የዓመቱ መነሻ ድርሻ ከተከፈለ በኋላ ሜዲኬር ከወሰነው ዋጋ ከመቶ 20 በበሽተኛው ላይ ይቀራል። የሐኪሙ ዋጋ 2,000 ዶላር ቢሆን 400 ዶላር የበሽተኛው ነው ማለት ነው። የሜዲኬርን ዋጋ እንደ ሙሉ ክፍያ ለመቀበል ያልተስማማ ሐኪም እስከ ከመቶ 15 ድረስ ሊጨምር ይችላል፤ ከሜዲኬር ጨርሶ የወጣ ሐኪም ግን በግል ውል የፈለገውን ያስከፍላል፤ ሜዲኬርም ምንም አይመልስም። ስለዚህ «ሜዲኬር የማይከፍል እንደ ሆነ እኔ እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት ቀርቦ ፈርሙ ሲባል፣ ሳያነቡ መፈረም ትልቅ ስሕተት ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ሜዲኬር ለዚህ ቀዶ ጥገና አስቀድሞ ፈቃድ አይሰጥም፤ መስፈርቱ መሟላቱን ከሰነዱ የሚመረምረው በኋላ ነው። ሜዲኬር አድቫንቴጅና የሜዲኬይድ ድርጅቶች ግን ቅድሚያ ፈቃድ መጠየቅ የተለመደ ልማዳቸው ነው። ስለዚህ የክብደት መዝገብ፣ የስኳርና የደም ግፊት ውጤት፣ የአመጋገብ ሙከራው ማስረጃ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መከማቸት አለበት። ከስድስቱ ወር ክትትል አንዱን ወር የዘለለ ሰው ከመጀመሪያው እንዲጀምር ሊታዘዝ ይችላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለት ይህ ነው።

አሁን ብዙ ወገኖቻችን ስለሚዘነጉት አንድ መብት እንናገር፤ እርሱም የአስተርጓሚ መብት ነው። በ1964 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል መብት ሕግና በ2010 ዓ.ም. የወጣው የጤና ሕግ፣ የመንግሥትን ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ሐኪሞች እንግሊዝኛ ለማይችል በሽተኛ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያዛሉ። የዋሽንግተን ከተማም በ2004 ዓ.ም. ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ምክንያት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ይህ ሁሉ እያለ ግን አንዲት እናት የ12 ዓመት ልጇን አስከትላ ወደ ቀዳጁ ዘንድ ትሄዳለች። ልጅቱም «ጨጓራሽ ይቈረጣል፤ አደጋም ሊደርስ ይችላል» የሚለውን ለእናቷ እንድትናገር ትገደዳለች። ከቃሉ ግማሹን አታውቀውም፤ ያወቀችውንም እናቷ እንዳትደነግጥ ስትል ታስቀረዋለች። እናቲቱም ያልሰማችውን ነገር ሰማሁ ብላ ትፈርማለች። በዚህ ዓይነት የተፈረመ ወረቀት ፈቃድ ሊባል አይገባውም። ስለዚህ ቀጠሮ ሲያዝ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብሎ ማስመዝገብ የመጀመሪያው ቃል ይሁን። በሜዲኬይድ ያለ ሰው መጓጓዣ ያጣ እንደ ሆነም፣ ወደ ሕክምና ቀጠሮ የሚያደርስ አገልግሎት መድኑ ማቅረብ እንዳለበት ይወቅ።

መድኑ እምቢ ቢልስ? እምቢታ የነገሩ መጨረሻ አይደለም። የእምቢታው ደብዳቤ ምክንያቱንና የይግባኙን ቀነ ገደብ ይይዛል፤ ስለዚህ ደብዳቤውን ሳይከፍቱ በመሳቢያ ማኖር መብትን በመሳቢያ እንደ መቅበር ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ሜዲኬር ለመጀመሪያው ይግባኝ 120 ቀን ይሰጣል፤ ይግባኙም አምስት ደረጃ አለው። በሜዲኬይድ ድርጅት በኩል የተከለከለ ሰው መጀመሪያ ለድርጅቱ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል፤ ያ ካልሆነም ክፍለ ግዛቱ ጉዳዩን እንዲሰማለት ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የእምቢታው ምክንያት የበሽታው አለመኖር ሳይሆን የአንድ ወረቀት መጉደል ስለሆነ፣ ሐኪሙ የጎደለውን ጨምሮ እንደገና እንዲያቀርብ መጠየቅ ይገባል።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ድካም ሲያዩ «በሌላ አገር በርካሽ ቢያደርጉልኝ ይሻላል» ይላሉ። ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። ከዚያም በላይ፣ ቀድዶ የሸኘ ሐኪም በሩቅ አገር ሲቀር፣ ስፌቱ የለቀቀ እንደ ሆነ በሽተኛው ማንን ይጠይቃል?

ይህም ወደ መጨረሻው ነጥብ ያደርሰናል። ቀዶ ጥገናው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ክትትሉ ግን የዕድሜ ልክ ነው። ጨጓራው ካነሰ በኋላ ሰውነት ከምግብ የሚያገኘው ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ሳያቋርጡ መውሰድ፣ ደምንም በየጊዜው ማስመርመር ግድ ነው። ልጅ መውለድ የምትችል ሴት ከ12 እስከ 18 ወር ድረስ እንዳታረግዝ ትመከራለች። ለእኛ ሰዎች ደግሞ ልዩ ነገር አለ። ጾም የሚጾም ሰው ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት በማይበላባቸው ረጅም ወራት ፕሮቲንና ቢ12 ይበልጥ ሊጎድሉበት ይችላሉ፤ በትንሿ ጨጓራ ውስጥ እንጀራው ቀድሞ ቦታውን ከያዘ ለሽሮውና ለምስሩ ስፍራ አይቀርም። ስለዚህ ጾሙን ለአመጋገብ አማካሪው ገልጦ መናገር፣ ለነፍስ አባትም ሕመሙን ማስረዳት ያስፈልጋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ተብሏልና። እንግዲህ የሚፈለገው ሐኪም ለቀዶ ጥገናው ቀን ብቻ ካርዱን የሚቀበል ሳይሆን፣ ከዓመት፣ ከሁለት ዓመት በኋላም በዚያው ካርድ በሩን የሚከፍት ነው። «ለክትትሉስ መድኔን ትቀበላላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ ያቺ ዘመዳችን እንደገና ስትደውል የምንመልስላት አሁን አለን። «እኅቴ፣ መጀመሪያ ካርድሽን በእጅሽ ያዢ፤ በላዩ የተጻፈውን ስም አንብቢልኝ። ከዚያም በሜሪላንድ ውስጥ ያሉትን ሐኪሞች ዝርዝር ከመድንሽ ጠይቂ። ለሐኪሙ፣ ለሆስፒታሉና ለማደንዘዣው ለየብቻ ጠይቂ፤ የመለሱልሽንም ጻፊ። ልጅሽን ከትምህርት ቤቷ አታስቀሪ፤ አስተርጓሚ አስመዝግቢ። እምቢ ቢሉሽም ደብዳቤውን አትጣይው።» ይህን ካልን በኋላ «እግዚአብሔር ይርዳሽ» ብንል፣ ምርቃታችን የሚይዘው መንገድ አገኘ ማለት ነው።